አልነካሁም

ኅዳር 3
ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። የባሌ ቡኒ ካልሲ ዛሬም አንድ እግር ብቻ። «ሁለት እግር ይዘህ ወጥተህ በአንድ ካልሲ የምትመለስ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አልኩት። ሳቀ።

ከሰዓት የመኪናዬን ኮፈን ከፈትኩ። ሞተሯ ፈልታ ግቢ ከቆመች ሦስት ሳምንቷ። ቴስታታው፣ ያ የሞተሩ ከባድ ክዳን፣ መነሳት አለበት። ስሩ ያለው ጋስኬት፣ ክዳኑን የሚያሽገው ስስ ንጣፍ፣ ሳይቃጠል አልቀረም። ራሴ እሠራታለሁ። ጋራዥ ያለው ታላቅ ወንድም እያለኝ? አዎ፣ እያለኝ! ከሌባ ጋር ጉዳይ የለኝም።

ኅዳር 5
ቡሎን ስፈታ ዋልኩ። የሁለት ጣቴ ቆዳ ተላጠ። ባሌ በመስኮት ብቅ ብሎ «ወንድምሽን ብትጠሪው ምናለበት?» አለኝ። «ስሙን አታንሳብኝ!» አልኩት።

ግን ያ ቀን ከሐሳቤ አልወጣ አለ... መኪናዋ መጋል ስታበዛ ነው የወሰድኩለት። «ነካክተሻት ነበር?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «አልነካሁም» አልኩት። ነካክቼማ ነበር። የሞተሩን ውሃ መተላለፊያ የሚከፍት የሚዘጋውን ቴርሞስታት ቀይሬ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ አበላሸች እንዳይለኝ ፈራሁ። ትንሽ ውሸት ናት... አይደለች?

ራዲያተሩን አጥቦ ሰጠኝ። መንገድ ላይ ብሶባት ፈላች። ተመልሼ ሠራተኞቹ ፊት ጮህኩበት። «ደህናውን ራዲያተር ለውጠህብኛል!» «አንድ ቀን ተዪልኝ፣ ከፍቼ ልየው» አለ። «የቀረውን ልትወስድ?» ብዬ ቁልፉን ከእጁ ነጠቅኩ። ሌባ አልኩት። የእናቴን ልጅ።

ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ኅዳር 6
አንዲት ትንሽ ቡሎን ከአንገቷ ተቀነጠሰች። ጭንቅላቷን በማጣበቂያ ቦታዋ ላይ አቆምኳት። ላያት ደህና ናት። ማን ያውቃል?

ኅዳር 8
ቴርሞስታቱን አወጣሁ። ከስሩ፣ ውሃው የሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ፣ ጨርቅ ነገር... ጎተትኩት።

ቡኒ ካልሲ።

ቴርሞስታቱን ስቀይር ውሃው እየተንጠባጠበ ቢያስቸግረኝ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንስቼ ወተፍኩት። ረስቼው ከላዩ ገጠምኩ። ታዲያ ውሃው በየት ይለፍ? ሞተሬን ያፈላሁት እኔው።

ወንድሜ ምንም አልወሰደም። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ኅዳር 9
አመመኝ ብዬ ተኝቼ ዋልኩ። ምንም አላመመኝም። የወንድሜን ዓይን ማየት ፈርቼ ነው።

ኅዳር 10
ባሌ ካልሲውን አገኘው። «እኔ እኮ አንድም ቀን ካልሲ አልጣልኩም!» ብሎ መሳቅ ሲጀምር ፊቴን አየና ተወው። ሁሉን ነገርኩት። «ማታ ሄጄ ወንድሜን ለብቻው ይቅርታ ብለውስ?» አልኩት። «ሰው ፊት ሰድበሽ ጓዳ ውስጥ ይቅርታ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ምን ያደርጋል፣ እውነቱን ነው።

ኅዳር 12
ካልሲውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሠራተኞቹ በሙሉ ነበሩ። «እሱ ሌባ አይደለም። ውሸታሟ እኔ ነኝ» አልኩና ፌስታሉን ገለበጥኩት። አንዱ ሳቁን በእጁ አፈነ።

ወንድሜ እጁን እየጠረገ «ቡሎኖቹ ላይ አዲስ ጭረት አይቼ ነበር» አለ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሠራተኞቼ ፊት እህቴን ውሸታም ልበላት? አንቺ ስትሄጂ ከፍቼ ላየው ነበር።»

እኔ ስሙን ሳጠፋ እሱ የኔን ይጠብቅልኝ ነበር... አለቀስኩ። «በይ ተዪ፣ ወለሉን ገና አሁን ነው የጠረግነው» አለኝ። እንዳፈርኩ ቤቴ ገባሁ።

ኅዳር 15
መኪናዬ ተጎትታ ጋራዡ ደረሰች። ወንድሜ መፍቻውን ይዞ ቆመ፣ መፍታት አልጀመረም። «ነካክተሻት ነበር?» አለ፣ እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ። ሠራተኞቹ ጆሯቸውን አቁመዋል።

አንድ በአንድ ነገርኩት። የፈታሁትን፣ የጫርኩትን፣ በግድ ያላቀቅኩትን። ፊቴ እሳት ሆነ። በመጨረሻ ያቺን ቡሎን በጣቴ አሳየሁት። «ይቺ ተቆርጣለች። በማጣበቂያ ነው ያቆምኳት።»

ጎንበስ ብሎ ነካ አደረጋት። እጁ ላይ ወደቀች።

«ይቺንስ አላየኋትም ነበር» አለኝ።