ስለ አንድ ቀይ እጅጌና ስለ ሁለት ሟቾች

ለተከበሩ የገጠር አውሮፕላን ማረፊያዎች ደህንነት መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የማኅተምዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ በተለይ ማኅተምዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በመሥሪያ ቤታችሁ ባለፉት ወራት ሲሠራ የታየው እሱ ብቻ ነውና። እኛም ደህና ነን ብዬ ብጽፍልዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ሰው ቀብረን ገና ወሩ ስላልሞላ እንደዚያ ማለቱ ውሸት ይሆንብኛል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከሰፈራችን የሣር አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ጋር የተያያዘ ነው፤ በሪፖርታችሁ ላይ «ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታው የቀረ» ያላችሁት የማረፊያው ዘበኛ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ በመጪው ሰኞ እናንተ ፊት ቀርቦ በሁለት ሰው ሞት ሊጠየቅ ነው። ይህን ደብዳቤ አገር እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት፣ ጋሼ ለእርስዎ ብቻ ብሎ የጻፋቸው ሦስት ደብዳቤዎች የት እንደገቡ እስከ ዛሬ ስላልታወቀ ነው። ቁጥር እንደምትወዱ ስለማውቅ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። በማረፊያው ጫፍ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ሲገባበት የሚነፋው፣ ነፋሱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ለአብራሪው የሚያሳየው ጨርቅ፣ እኛ በሰፈራችን «እጅጌ» የምንለው፣ ተበጣጥሶ ክሩ ብቻ ከቀረ ሁለት ዓመት አለፈው። እጅጌው ለጌጥ የተሰቀለ አይደለም፤ ትንሽ አውሮፕላን ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ነው የሚያርፈው፤ ነፋሱ ከኋላው ከሆነ ግን እየገፋው ሜዳው ያልቅበታል። ይህን እኔ ከመርፌና ከክር በቀር ሌላ ትምህርት የሌለኝ ሴት አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ጋሼ ሦስት ጊዜ ጽፎላችሁ ዝም ያላችሁት ባለማወቅ ነው ብዬ ልጠረጥራችሁ ድፍረቱ የለኝም።

፪. ሁለተኛ፣ ስለ ደረጃ ጥበቃችሁ። ዝምታችሁ ሲበዛብን፣ ከደንበኛ የተረፈ ወፍራም ቀይ የመጋረጃ ጨርቅ ነበረኝና፣ ጋሼ ልኩን ነግሮኝ አንድ እጅጌ ሰፋሁ። አፉን በሽቦ ቀለበት ወጠርኩት፤ ስፌቱን ሁለት ጊዜ ደረብኩት። ስምንት ወር ሙሉ ሳይቀደድ አገለገለ። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ መድኃኒትና አዋላጅ ይዞ ስለሚደርስልን «ደራሽ» የምንለው አብራሪ መጀመሪያ ያየው ዕለት አውሮፕላኑን አቁሞ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣና እጅሽ ይባረክ አለኝ፤ ከዘመዶቼ ውጪ ስለ ሥራዬ እንዲህ ያለኝ ሰው እምብዛም የለም።

ከዚያ የፍተሻ ባለሙያችሁ መጡ። ሁለት ዓመት ያላየናቸው ሰው መጥተው፣ ብጣሽ እንጨት ላይ ሲንጠለጠል ያልታያቸው፣ ቀይ ጨርቅ ሲሰቀል ግን ገና ሲደርሱ አዩት፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም ነው ነገሩ። የተፈቀደው ቀለም ብርቱካናማ እንጂ ቀይ አለመሆኑን፣ መጋረጃም የመስኮት እንጂ የአቪዬሽን ዕቃ አለመሆኑን በትሕትና አስረዱን፤ አስወርደው፣ ጠቅልለው፣ መኪናቸው ኋላ ላይ ጫኑት። ደረጃውን የጠበቀ በአሥራ አምስት ቀን ይላካል ተባልን። አምስት ወር ጠበቅን። ባዶ ምሰሶ ደረጃውን የጠበቀ መሆኑን በዚያው ተረዳን፤ ማንም መጥቶ ያንን አላስወረደም።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ለእሳት ያላችሁን ጥንቃቄ ይመለከታል። ጋሼ እጅጌ ሲያጣ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የሞተር ድምፅ ሲሰማ እርጥብ ሣር በቆርቆሮ ላይ ያጨስ ነበር፤ ደራሽም ጭሱ የሚተኛበትን አይቶ ያርፍ ነበር። ይህ በጆሯችሁ ደረሰ። ለሦስት ደብዳቤ ያልተገኘ ወረቀት ተገኘና፣ በማረፊያ ክልል ውስጥ እሳት ስለማንደዱ ቀርቦ እንዲያስረዳ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ዋናው መሥሪያ ቤት እንዲገኝ፣ ባይገኝ ግን ከሥራ እንደሚሰናበት የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ጥሪ ተላከለት። ጋሼ ደውሎ ሐሙስ እኮ አውሮፕላን ይመጣል፣ ዓርብ ልምጣ ብሎ ለመነ። ጸሐፊዎ ቀጠሮ እንደማይቀየር ነገረችው። ረቡዕ በአውቶቡስ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ከወንዙ ወገን ይነፍስ የነበረው ነፋስ ዞሮ ከኮረብታው ወገን ይነፍስ ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሞተሩን ድምፅ ሰምቼ ከስፌት መኪናዬ ተነሣሁ። ደራሽ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደገመ፤ ጭስ እየፈለገ መሆኑን ያወቅኩት በሁለተኛው ነው። ክብሪት ፍለጋ ወደ ሱቅ ገባሁ፤ ይህን የምጽፈው ክብሪቱን ለማግኘት የፈጀብኝን ጊዜ እስክሞት ስለማልረሳው ነው። በጤና ኬላው ምጥ የጠናባት ሴት አዋላጇን እየጠበቀች መሆኑ ጠዋት በስልክ ተነግሯቸው ነበር፤ ደራሽ እንደልማዱ ፊቱን ወደ ወንዙ አድርጎ ሊያርፍ ወረደ፤ ነፋሱ ከኋላ ገፋው፤ ሣሩ አለቀበትና ሜዳው ጫፍ ካለው ቦይ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። ደርሰን በሩን በመጥረቢያ ስንከፍት እሱ ሞቶ ነበር። አዋላጇ ግን ትተነፍስ ነበር። ጭኔ ላይ አስተኝቻት፣ ምጥ የያዛት ሴት እንዴት ሆነች ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ሳልነግራት አረፈች። ሴትዮዋ በጎረቤት ሴቶች እጅ በሰላም ተገላገለች፤ ይህን ለሚመለከተው ሁሉ አሳውቃለሁ፤ በሪፖርታችሁ ላይ የለም።

በዚያው ሰዓት ጋሼ የት እንደነበር ደግሞ ልንገርዎ። እርስዎ ቢሮ በር ላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዋ ወጥታ ያንተ ሜዳ ላይ አውሮፕላን ወደቀ አለችው፤ ቀጥላም ቀጠሮው ወደ ሌላ ቀን መተላለፉን አበሠረችው። ለካ ይቀየራል።

፬. ስለ ሪፖርቱ አጻጻፍ። ሰባት ገጹን አንብቤ ስጨርስ እጄን ታጠብኩ፤ ይቅርታ ይደረግልኝና እውነቱ ይህ ነው፣ ተጸየፍኩት። አብራሪው የነፋሱን አቅጣጫ በስህተት ገመተ ይላል። ዘበኛው ያለ ፈቃድ ቀረ ይላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዳዋውን ራሱን ቢሮ ጠርታ ቀጠሮ የምትሰጥ አይጥ ግን ከዚህ በፊት አልገጠመችኝም። አምስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «የነፋስ ጠቋሚ፦ አለ፤ በመልካም ሁኔታ ላይ» ተብሎ ተፈርሟል። ይህን እንኳ አልክድም፤ ስፌቱ የእኔ ነው፣ በመልካም ሁኔታ ላይ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ፤ ያለው ግን በፍተሻ ባለሙያችሁ መኪና ኋላ ነው።

ብርቱካናማውም በመጨረሻ መጣ። በቀብሩ በዘጠነኛው ቀን፣ ከአምስት ባለሥልጣንና ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አምስተኛውን እተወዋለሁ፤ በምስጋና መልክ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ጋሼ እህል ከቀመሰ ሦስት ቀን ሆኖታል። የሞተር ሳይክል ድምፅ በሰማ ቁጥር ሣር ሊያጭድ ይሮጣል፤ እጁን ይዤ እመልሰዋለሁ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው ይለኛል፤ ጽፋችሁ ስለሰጣችሁት አምኗችኋል። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያለ ፈቃድ» የሚለው መስመር ከሰኞ በፊት ይሰረዝ።

ለዚህም ማስረጃ እንዳይቸግራችሁ አስቤአለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ጸሐፊዋ ደውላ ለጋሼ የተላከው የጥሪ ደብዳቤ ለፋይል ስለሚፈለግ ዋናው ይመለስ ብላለች። ጋሼ የዋህ ነው፣ ፖስታ ገዝቶ ነበር። ዋናው ደብዳቤ ግን እኔ ዘንድ ነው፤ ግልባጩን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ በጤና ኬላው፣ በትምህርት ቤቱና በአውቶቡስ ማቆሚያውም ለጥፌዋለሁ። ቀኑና ሰዓቱ በደንብ ይነበባል፤ ማኅተሙም፣ መቼም ምስጋና ይግባው፣ ደማቅ ነው።

ዝምታዎን በደብዳቤ ብዛት ለመረበሽ በመድፈሬ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለመሥሪያ ቤትዎ የሚገባውን ያህል አክብሮት ሳላጎድልና ሳልጨምር፣

የዘበኛው እህት፣
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ የደራሽ እናት ሱቄ ድረስ ደውለውልኝ ነበር። ሰኞ ይመጣሉ፤ ጋሼ አጠገብ እቀመጣለሁ ብለዋል፤ ስለዚህ ከተከሳሹ ጎን አንድ ወንበር ይጨመርልን። ልጃቸው ነፋስ አያውቅም ብሎ የጻፈውን ሰው ስም አይፈልጉም፤ ግን ያ ሰው ራሱ ቆሞ፣ እሳቸውን እያየ፣ ያንን መስመር እንዲያነብላቸው ይለምናሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው።