ሦስት ስልኮችና የቅዳሜዋ ደንበኛ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? የወገብ ሕመሙ ለቀቀሽ? የባለቤትሽ ማንኮራፋትስ ቀነሰ ወይስ አንቺ ለመድሽው? እኔ ደህና ነኝ። መቼ ነው ጎጆ የምትወጣው ላልሽኝ፣ ከየት አባቴ ሰው ላምጣ? ከጠዋት እስከ ማታ የማየው ስልክ ብቻ ነው። ይልቅ ከሥራ ከመባረር ለጥቂት ተርፌያለሁ፤ ነገሩን ላጫውትሽ።

አንዲት የሒሳብ አስተማሪ አለች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወደ ሱቃችን ብቅ ትልና የአንዱን ፋብሪካ የዘንድሮውን፣ የአምናውንና የካቻምናውን ምርጥ ስልክ አወዳድርልኝ ትለኛለች። እኔም ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ደርድሬ እውነቱን እነግራታለሁ። የዘንድሮው ካሜራ ማታ ማታ አሳምሮ ያነሳል፣ ግን ከጀርባው አብጦ ስለወጣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ይንገዳገዳል። የአምናው ባትሪ ከዘንድሮው እኩል ይቆያል። የዘንድሮው ፕሮሰሰር ፈጥኗል ይባላል፤ የተማሪ ውጤት ለመደመር ግን የካቻምናውም ይተርፋል። ደግሞ የካቻምናው ከነቻርጀሩ ነበር የሚመጣው፤ አሁን ካርቶኑ ቀጥኖ ቻርጀሩ ለብቻው ይሸጣል።

አገጯን በእጇ ደግፋ ስትሰማኝ ትቆይና አስብበታለሁ ብላ ትሄዳለች። በሳምንቱ የነገርኳትን ሁሉ ረስታው ትመጣለች። የሒሳብ አስተማሪ ሆና እንዲህ መርሳቷ አንጀቴን ስለሚበላኝ ከሀ ጀምሬ እደግምላታለሁ።

አለቃዬ ሲያየን ከርሞ ደሙ ፈላ። አንተ ደንበኛ የምታባርር ሻጭ ነህ፣ የፊታችን ቅዳሜ ባዶ እጇን ከወጣች አብረሃት ትወጣለህ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ ስትመጣ መዋሸት አቃተኝና አለቃዬ ያለኝን እንዳለ ነገርኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። ቀደም ብለህ አትነግረኝም ነበር ወይ ብላ ተቆጣችኝና የዘንድሮውን ጠቅልልልኝ አለች። ከአምናው እኮ ብዙም አይለይም ስላት ዝም ብለህ ጠቅልል አለችኝ። አለቃዬ ራሱ ተነስቶ በር ከፈተላት።

ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቦርሳዋ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ስታወጣው፣ እህቴ፣ ያው የዘንድሮው ነው፤ ቀለሙ እንኳ አንድ ነው። ጠርዙ ተፋፍቋል፣ ከያዘችው ቆይታለች ማለት ነው። እጇ ላይ እያለ ምን ስትል በየቅዳሜው ታደክመኛለች? ቢሆንም ገንዘቧ አሳዘነኝ። ሮጬ ደረስኩባትና አለቃዬ እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ካርቶኑን ሳትከፍት በሳምንት ውስጥ ብትመልሰው ገንዘቧን እንደምታገኝ ነገርኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ስለ ስልክማ የማታውቀው ነገር የለም አለችኝና ሄደች። ምስጋና መሆን አለበት።

ከመለሰችው እኔ መባረሬ ነው። ግን ምናልባት ትመጣ እንደሆነ ብዬ ሦስቱንም ስልኮች ወልውዬ፣ ጸጉሬን ተስተካክዬ ቅዳሜን እየጠበቅኩ ነው።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ጤናው አይለይሽ፣ ቤትሽ ሙሉ ይሁን።

አንቺው ያሳደግሽኝ ታናሽ ወንድምሽ