አንድም ቀን ያልቀረው የልጄ ቦርሳ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጉንፋን በደጅዎ እንዳያልፍ፣ ሳልም ቤትዎን እንዳያውቀው ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን፤ እኛ ስል እኔና የልብስ ስፌት መኪናዬ ማለቴ ነው። ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ግን ሆስፒታል ተኝታለች፤ ይህን የምጽፍልዎትም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

በዓመቱ መጀመሪያ ወላጆችን ሰብስበው፣ ጤናማ ልጅ ከትምህርት ቤት አይቀርም ሲሉን ሁላችንም አጨብጭበናል። ሳምንቱን ሙሉ አንድም ቀሪ ያልነበረበት ክፍል በሩ ላይ ሰማያዊ ሰንደቅ እንዲሰቀልለት ሲወስኑም፣ ሰንደቁን ሰፍቼ ጠርዙን በወርቃማ ክር ዘምዝሜ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። አሳብዎ፣ ያልቀረ ልጅ አልታመመም ማለት መሆኑ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ቅር ያሰኙኝን ጥቂት ነገሮች እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ሰንደቁ ከተሰቀለ ወዲህ ትኩሳት ያቃጠለውም፣ ዐይኑ የቀላውም፣ አፍንጫው የሚንጠባጠበውም ልጅ ከክፍል አይቀርም፤ ከቀረ ጓደኞቹ በአንተ ምክንያት ሰንደቁን ተነጠቅን ብለው ያኮርፉታል። መስኮቶቹ ደግሞ ንፋስ ልጆቹን እንዳይመታቸው ተብሎ ክርችም ተደርገው ስለተዘጉ፣ አንዱ ያሳለውን ሌላው ሳይባክን ይቀበለዋል። ስለ ጥንቃቄዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪. የልጆቹ የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ከቢሮዎ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። እንግዶችዎ ጤናቸው የተጠበቀ በመሆኑ ደስ ብሎናል።

፫. ልጁ ቤቱ ቢተኛም ቦርሳው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ እንደ መጣ ይቆጠራል የሚለውን ዘዴ ማን እንዳፈለቀው አላውቅም፤ ልጆቹ ግን እርስዎ በክፍሉ ሲያልፉ ሰው አልባዎቹን ቦርሳዎች አይተው ፈገግ ብለዋል ይላሉ። አስም ያለባት ልጄ ባለፈው ሐሙስ ደረቷ ሲያፏጭ ስላደረ ከቤት አስቀረኋት። ጠዋት እኔ ጓዳ ውሃ ሳፈላ፣ የክፍሏ አለቃ መጥቶ ቦርሳዋን ቢጠይቃት፣ ክፍሏን እንዳታሳፍር ብላ ራሷ ተነሥታ አቀበለችው። ትንፋሽ ሲያጥራት የምትስበው መድኃኒት፣ ፓፍ የምንለው፣ ቦርሳው የፊት ኪስ ውስጥ ነበር።

ትንፋሿ ሲቆራረጥ ቤቱን ገለባበጥኩት። መናገር ስላቃታት በጣቷ ወደ ትምህርት ቤቱ አመለከተችኝ። ለጎረቤቴ አደራ ብዬ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ዘበኛው በትምህርት ሰዓት ወላጅ እንደማይገባና ትእዛዙም የእርስዎ መሆኑን በጨዋ ደንብ አስረዳኝ፤ ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ እሱም እንጀራዬን አታሳጪኝ ብሎ መልሶ ለመነኝ። በበሩ ፍርግርግ በኩል የልጄ ክፍል ከነሰንደቁ ይታየኝ ነበር። የመምህሯን ስም እየጠራሁ ጮኽኩ፤ መስኮቶቹ ግን እንዳልኩዎት ዝግ ናቸው። እኔ ስለማመጥ ጎረቤቴ ልጄን አዝላ ሆስፒታል አድርሳልኛለች። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው።

ምን ላድርግዎት፣ የተከበሩ ርዕሰ መምህር? በእግሯ የምትደርስበት ሌላ ትምህርት ቤት የለም። ማስቀረት አልቻልኩም፤ ማስገባትም ፈራሁ። ልጄ ነፍስ ዘርታ ዐይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሰንደቁ ተነጥቆ እንደሆነ ነበር። አልተነጠቀም አልኳት። ከዳነችም እዚያው ክፍል፣ እዚያው ዝግ መስኮት ሥር መልሼ አስቀምጥልዎታለሁ።

ስላደረጉልንና ገና ስለሚያደርጉልን ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የሰንደቅዎ ሰፊ፣ የቦርሳው ባለቤት እናት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ቦርሳው ዛሬም ወንበሯ ላይ ተቀምጦ እየተማረ ነው አሉ። ዓመቱን ሙሉ ላልቀሩ ተማሪዎች ሽልማት ሲሰጥ እባክዎ እንዳይረሱት። የፊት ኪሱ ውስጥ ያለውን ብቻ በዘበኛው በኩል ቢልኩልኝ፤ እስከ በሩ ድረስ መምጣት ይፈቀድልኛል።