የሚጡ የፊት ጥርሶች

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ይድረስ መርከብ ላይ ላለኸው ልጄ፤

እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ይህን በስልክ እንዳልነግርህ ልጅህ ሚጡ ትሰማለች፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ቅዳሜ ፎቶዋን አይተህ «አውጡላት፣ መልኳን አበላሻችሁት» በስልክ ያልከውን የላንቃዋን ብረት አላስወጣንም። አናስወጣምም። ተቆጣ እንግዲህ!

ማን ያልደነገጠ አለ? የፊት ጥርሶቿ ሲራራቁ እኔም ጉድ ፈላ ብዬ ሚስትህን ይዤ ወደ ጥርስ ሐኪሟ ሮጥኩ። ሐኪሟ ሳቀች። «እማማ፣ ደስ ይበልዎት እንጂ! የላይኛው መንጋጋዋ እየሰፋ ነው» አለችኝ። ለካ የልጅ ላንቃ መሃሉ ገና አልተጋጠመም። ብረቱ ግራና ቀኝ መንጋጋ ጥርሶቿ ላይ ተጣብቋል፤ መሃሉ ላይ ያለችው ብሎን በየቀኑ ትንሽ ስትዞር ሁለቱን ወገን ቀስ እያለች ትገፋለች። ሲበቃ መዞሩ ይቆማል፤ ብረቱ ግን ክፍተቱ በአጥንት እስኪሞላ እዚያው ይቆያል። ጥርሶቹም መልሰው ይቀራረባሉ። ብረቱ አሁን ከወጣ መንጋጋዋ ተመልሶ ይጠባል፣ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። የሰው ልጅ እኮ የማያስበው የለም!

ሚስትህን ደግሞ ብታያት! ልጅቷን መስኮቱ ስር ታስተኛና ያቺን ሚጢጢ ቁልፍ ብሎኗ ውስጥ አስገብታ ታዞራለች፤ እጇ ንቅንቅ አይልም። እኔ እንኳን ላዞር፣ ለማየትም አልደፍርም። ምን ዓይነት ሴት እንዳገባህ የማታውቅ ይመስለኛል።

ያንን የቅዳሜ ቃልህን ግን፣ የስልኩ ድምፅ ተከፍቶ ስለነበር፣ ሚጡ በር ኋላ ሆና ሰምታው ኖሯል። በማግስቱ አፏን ግጥም አደረገች። ብንለምናት፣ ብናባብላት፣ ወይ ፍንክች! ሚስትህ አልተቆጣቻትም። መስታወት ይዛ አጠገቧ ተቀመጠችና «እስቲ ንከሺ» አለቻት። ድሮ ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ይገቡ የነበሩት የላይኞቹ የጎን ጥርሶች ቦታቸውን ሊይዙ ትንሽ ነው የቀራቸው። ሚጡ በምላሷ ዳሰሰቻቸው፣ ከዚያ ራሷ ቁልፉን አምጥታ ተኛችላት። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅህ።

ሲያልቅ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «አያቴ፣ ጥርሴ እስኪገጥም ለአባዬ ሌላ ፎቶ እንዳትልኪ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ስለዚህ እዚህ ፖስታ ውስጥ ፎቶ አትፈልግ። ደውል። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ።

ባሕሩ ይለዝብልህ፣ በሰላም ለቤትህ ያብቃህ።

እናትህ