የእንግሊዝ ምርጫ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ሰጂዳዬ፣
እዚህ ለዘመድ ሠርግ ከለንደን የመጡት ጋሽ ዓብዩና ባለቤታቸው እትዬ ሃይማኖት ዛሬ ምሳ ላይ ሲከራከሩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ነገ የእንግሊዝ ምርጫ ነው። ድምፃቸውን በፖስታ ልከው ነው የተሳፈሩት፤ ጋሼ ለሌበር ፓርቲ፣ እትዬ ለተቀናቃኙ ለኮንሰርቫቲቭ። ሬስቶራንቱ ጢም ብሏል፣ እነሱ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት አያውቁም። እኔ ከኋላችን ማን እንደተቀመጠ ዞሬ ሳይ ጋሼ «ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ። «የምር ማን ነው የሚያሸንፈው?» ብላቸው ሁለቱም «ማን ያውቃል?» አሉ። አንድ ቀን ቀርቶት አሸናፊው አይታወቅም፣ ይታይሽ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ ወንድምሽን ሱሃይብንም ሰላም በይልኝ። የእኛም አገር ምርጫ ግንቦት ላይ ነው። ማንን እንደምትመርጪ ልጠይቅሽ ስል ይህ ፖስትካርድ ክፍት መሆኑ፣ መንገድ ላይ ማንም እንደሚያነበው ትዝ አለኝ። ስመጣ በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ።

ናዝራዊት