በሟች ሊቀመንበር ፊርማ ስለቀሩ ሁለት ቼኮች

ለሠራተኛ ማኅበራት ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ የካቲት 12

ጉዳዩ፦ ተተኪ ቼክ ፈራሚ እንዲመዘገብና እኔም ከገንዘብ ያዥነት እንድነሳ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና ክፍል መካኒክ ስሆን፣ የሠራተኛ ማኅበራችንን ቅርንጫፍ በገንዘብ ያዥነት ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። የማኅበሩ ቼክ የሚመነዘረው ሊቀመንበሩና እኔ ሁለታችንም ስንፈርምበት ነው። እሱ የሌሊት ፈረቃ ነበር፤ እኔ የቀን። በር ላይ ካልተላለፍን በስተቀር አንገናኝም። ስለዚህ አዲስ የቼክ ደብተር በመጣ ቁጥር ሃያ አምስቱንም ቅጠል በአንድ ጊዜ ፈርሞ ይሰጠኝ ነበር። ስህተት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። አባላቱም ያውቁ ነበር፤ «የእኛ ሊቀመንበር ተኝቶም ይፈርማል» እያሉ ይስቁ ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት አምስት ሳንቲም አልጎደለም።

2. ሊቀመንበሩ ኅዳር 3 በድንገት አረፈ። በደብተሩ ውስጥ የፈረመባቸው ሦስት ቅጠሎች ቀርተው ነበር። በደንባችን መሠረት የሟች አባል ቤተሰብ የቀብር ማስፈጸሚያ በሦስት ቀን ውስጥ ይከፈለዋል። ባለቤቱ መጣች። ሌላ ፈራሚ የለም። የቀብሩን ገንዘብ በራሱ ፊርማ ጻፍኩላት፤ ቀኑንም ሳልደብቅ ኅዳር 6 አልኩ። ቼኩን ወዲያው አልመነዘረችውም። «የእጁ ጽሑፍ ነው፤ ትንሽ ይቆይልኝ» ብላ ሁለት ቀን ቤቷ አሳደረችው። ባንኩ ሳያንገራግር ከፈለ።

3. ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴ ለጽሕፈት ቤትዎ በጽሑፍ አስታወቅኩ። ታኅሣሥ 9 በተሰጠኝ መልስ፣ ሒሳቡ ተመርምሮ እስኪያበቃ ተተኪ ፈራሚ እንደማይመዘገብ፣ እኔም ርክክብ እንዳልፈጽም ተገለጸልኝ። ምርመራው መቼ ይጀመራል ብዬ ስጠይቅ ፋይሉን የያዘችው የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ «ጋሼ፣ ጥያቄው በሊቀመንበሩ ተፈርሞ ይምጣ» አለችኝ። መሞቱን ነገርኳት። «እንግዲያው በምክትሉ» አለች። ምክትሉ ዘንድ ሄድኩ። «ምርመራው ሳያልቅ ወንበሩን ልቀበልና አብሬህ ልታሰር?» ብሎ አሰናበተኝ። ወደ ባለሙያዋ ተመለስኩ። እንዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ። የበሩ ጥበቃ አሁን መታወቂያ አይጠይቀኝም።

4. የጡረታ ጊዜዬ ጥር 1 ደርሷል። ቦታዬ ለሌላ መካኒክ ተሰጥቷል፤ ደመወዜም ቆሟል። ፋብሪካው ግን ከማኅበሩ ነጻ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት ካላመጣሁ የጡረታ ሰነዴን አይልክም። የማኅበሩ ቢሮ ለመጋዘን ስለተወሰደ ማኅተሙና ደብተሩ ቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እኔና ባለቤቴ አብረን ከቤት ወጥተን አናውቅም። አንዳችን ለቅሶ ስንደርስ አንዳችን ቁም ሳጥኑን እንጠብቃለን።

5. ይህን ማመልከቻ ዛሬ ያጻፈኝ ግን ሌላ ነው። የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ የሆነች አባላችን ለኩላሊት ቀዶ ሕክምና ለየካቲት 25 ቀጠሮ አላት። ግማሹን ወጪ ማኅበሩ እንዲሸፍን ሊቀመንበሩ በሕይወት ሳለ በቃለ ጉባኤ ተወስኗል። ሆስፒታሉ ክፍያው ቀድሞ ካልገባ አይቀበላትም። ገንዘቡ ባንክ አለ። ባሏ በየጠዋቱ ደጃፌ ላይ ይቆማል። ትናንት «ጋሼ፣ የተፈረመ ቼክ አለ አሉ። ለቀብር ሲሆን ጽፈዋል፤ የእኔዋም እስክትቀበር ነው የሚጠብቁት?» አለኝ። በሩን አልዘጋሁበትም፤ እሱ እስኪሄድ ቆምኩ።

6. ስለዚህ ክቡርነትዎ ምክትሉን ወይም ሌላ ሰው በጊዜያዊ ፈራሚነት እንዲያስመዘግቡልን፣ ምርመራው ያለ ሊቀመንበር ጥያቄ እንዲጀመርና ንብረቱን የሚረከበኝ ሰው እንዲመደብ በትሕትና አመለክታለሁ። በኅዳሩ ቼክ የምከሰስ ከሆነም ክሱ ይሰጠኝ። ቀጠሮ ያለው ሰው ቢያንስ ቀኑን ያውቃል።

7. እስከ የካቲት 23 መልስ ካልደረሰኝ ከቀሩት ሁለት ቅጠሎች አንዱን ለሆስፒታሉ እጽፋለሁ። በሟች ፊርማ መሆኑን አውቄ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜ ሌላ ምስክር መፈለግ እንዳያስቸግር ይህ ማመልከቻ የእምነት ቃሌ ሆኖ ከፋይሌ ጋር ይያያዝልኝ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቅርንጫፉ ገንዘብ ያዥ፣ እስካሁን