ከማሽኑ ጋር አብሮ ስለመጣው ብሮውዘር ለንባብ ቤታችን ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር አቶ ምንተስኖት፣
የገበያ ዳር ንባብ ቤት ኃላፊ፣
መካነ ኢየሱስ ከተማ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና በተለይም የቢሮዎን ቁልፍ እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ አስቀድሜ በስሜ የሚወራውን አንድ ወሬ ላርም። «አልጣሽ ኮምፒውተሩ ላይ ጠበል ረጨች» እየተባለ ከመናኸሪያው እስከ ወፍጮ ቤቱ ይወራል። እኔ ጠበል አልረጨሁም። አቧራው በጣት የሚጻፍበት ሆኖ ስላገኘሁት የነጠላዬን ጫፍ በውኃ አርሼ መስተዋቱን ወለወልሁ። ጠበል የሚረጨው ለመዳን ተስፋ ላለው ነው።

ይህን ደብዳቤ ቆመው ለሚያነቡ ወገኖቼ ጉዳዬን ላስረዳ። ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዐይናቸው ሲጠፋ ወደ እኔ መጥተው አሁን አልጋ ይዘዋል። ባሕር ማዶ የሚኖረው ደቀ መዝሙራቸው ልመንህ፣ እርሳቸው ሲያስተምሩ ከአንደበታቸው የጻፈውን ሁሉ አሰባስቦ በድረ ገጽ አውጥቶታል። በቤተ ልሔም ወግ ግን መምህሩ በጆሮው ሰምቶ ሳያርመው የወጣ ጽሑፍ እንደ ወጣ አይቆጠርም፤ ተማሪው የጻፈውን ድጓ ተሸክሞ ከሩቅ አገር የሚመጣውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ወንድሜ «አንብቢልኝና ላርመው፤ ስሕተት አውርሼ አልሙት» ይሉኛል። ልመንህ በስልክ ሊያነብላቸው ሞክሮ መስመሩ በየቃሉ ተቆራረጠ፤ አትሞ በፖስታ የላከውም አልደረሰም። ኢንተርኔት ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው። ቅሬታዎቼም እነሆ።

አንደኛ፦ ኮምፒውተሩ ድረ ገጽ የሚከፍትበት ፕሮግራም፣ ልጆቹ ብሮውዘር የሚሉት፣ ከሠሪዎቹ ዘንድ አብሮት የመጣ እንጂ እኛ የመረጥነው አይደለም። የእኛን ፊደል ሲያይ ባዶ ሣጥን ይደረድራል። የወንድሜን ገጽ ስከፍት ከላይ እስከ ታች ሣጥን ነው፤ በወጉ የተሰለፈ፣ ንጹሕ፣ አንድም የፊደል ግድፈት የሌለበት። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ደብተር ሳርም እንዲህ ያለ ንጽሕና አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህርቷ ሕሊና ሌላ ብሮውዘር አውርዳ ብትጭንልኝ ሣጥኖቹ ተከፍተው ፊደል ወጣ። ገና በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ወንድሜ በጭራሽ የማይሉትን አንድ ቃል አየሁ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብዬ ወጣሁ። በማግሥቱ ያ ብሮውዘር የለም፤ በግድግዳው ላይ ግን «ከማሽኑ ጋር ከመጣው ውጭ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ከነማኅተሙ ተለጥፎ ጠበቀኝ። ምክንያቱን ብጠይቅዎ ሌላው ሁሉ ቫይረስ እንደሆነ ነግረውኝ፣ «እትዬ አልጣሽ፣ ምግብ ቀርቦልዎ ሳለ የጎረቤት ወጥ አማረዎት?» ብለው ሳቁ። ክቡር ሆይ፣ የቀረበልኝ ክዳኑ የማይነሣ ድስት ነው። ድሮ በኅብረት ሱቅ ስኳር የፈለገ ሰው የማይፈልገውን ሳሙና አብሮ ይገዛ ነበር፤ ሳሙናው ግን ሌላ ሳሙና ወደ ቤት እንዳይገባ በር ላይ አይቆምም ነበር።

ሦስተኛ፦ «እንግዲያው ያንን አውጡልኝ» ብዬ ለመንሁ። ከኮምፒውተሩ ዋና ሥርዓት ጋር የተሰፋ ስለሆነ እርሱ ቢነቀል ማሽኑ ራሱ እንደሚታመም አስረዱኝ። በእኛ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደ እርሱ ባለ አንድ በሬ ከሆነ ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፤ ካልተስማሙም እርሻው ሲያልቅ እያንዳንዱ በሬውን ነድቶ ይሄዳል። ከቀንበሩ ጋር ተሰፍቶ የመጣ በሬ ያየሁት በእርስዎ ንባብ ቤት ነው። ሠሪዎቹን እንዳልከስ ሩቅ ናቸው፤ እርስዎን እንዳልከስ ደግሞ ጥፋቱ የሠሪዎቹ ነው ይሉኛል። በሁለታችሁ መካከል የምቆምበት ቦታ ስላዘጋጃችሁልኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

አራተኛ የለኝም። ያንን የተሳሳተ ቃል ለወንድሜ ነግሬያቸው፣ «አንዱ እንዲህ ከሆነ የቀረውስ?» እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። ድምፃቸውም ከሳምንት ሳምንት እየሰለለ ነው። ሊያርሙ የሚችሉት ድምፅ እስካላቸው ድረስ ነው።

በማስታወቂያዎ ሥር ዘወትር በትሕትና የምቀመጥ፣ ማሽኑን ከእኛ ከአንባቢዎቹ አጥብቀው ስለጠበቁልን ምስጋናዬ ከጉልበቴ የበዛብኝ፣
አክባሪዎ
አልጣሽ ዋለ
ጡረተኛ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን በኢሜይል ልልክልዎ አስቤ ነበር። አብሮ በመጣው ከፍተው ሣጥን ብቻ ቢያዩ «አልጣሽ ቅሬታ የላትም» እንዳይሉ ፈርቼ በእጄ ጽፌ ከማስታወቂያዎ ጎን ለጠፍሁት። ነገ በመጀመሪያ የማደርገውንም ይወቁት። ኪዳን አደርሳለሁ። የወንድሜን ፊት አጥባለሁ። በሩ ሳይከፈት ደጅዎ ላይ እቆማለሁ። መስተዋቱን እወለውላለሁ፤ በውኃ ብቻ። ገጹን ከፍቼ ሣጥኖቹን እስከ መጨረሻው አያለሁ፤ ምናልባት አንዱ ተከፍቶ እንደሆነ። ከዚያ ቤቴ እገባለሁ፤ ወንድሜም እግሬን ሰምተው «አነበብሽው?» ይሉኛል። ለዚህ ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ መልስ ካለ፣ ክቡር ሆይ፣ እስከ ጠዋት ይላኩልኝ።